ለእጩ መኮንን የሚሆን ከስክስ ጫማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ካለው ዓመቱን የሚዘልቀው የቱ ነው?

ልጅ ለእጩ መኮንንነት ተመልምሎ የመግቢያው ቀን ሲነገረው ቤተሰብ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ሻንጣና ስለ ስንቅ ነው። ጫማ ትዝ የሚለው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያኔ ፒያሳ ተሂዶ፣ የመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ የተንጠለጠለው ጥቁር ከስክስ ቁጥሩ ልክ ከሆነ ተገዝቶ ይመጣል፤ ልጁም አንድ ቀን እንኳ ሳይራመድበት ይዞት ይሄዳል። ጫማ ለምንሰፋና ለምናድስ ሰዎች ከዚህ የባሰ የጫማ ግዢ የለም። የስልጠናው ዓመት ከባድ ነው፤ ሰልጣኙን ከሰልፍ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ተረከዙ ላይ የቋጠረው ውሃ ነው። ያ ውሃ የሚቋጥረው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት፣ ጫማውና እግሩ ገና ሳይተዋወቁ ነው።

በሁለቱ ከተሞች ገበያ የሚገኙትን የከስክስ ዓይነቶች የመዘንናቸው በዚህ ዓመት ሥራ ልክ ነው። ዋጋ አልጻፍንም፤ ቆዳውም ማስቲሹም በየጊዜው ስለሚወደድ ዛሬ የጻፍነው ነገ ሰው ያሳስታል። ሦስት ሱቅ ጠይቁና አመዛዝኑ።

በቅድሚያ ግን ለልጁ የተሰጠውን የዕቃ ዝርዝር አንብቡ። ማሰልጠኛው ጫማ የሚያድል ከሆነ የሚደረገው እሱ ነው፤ ከቤት የሚሄደው ተለዋጭ ጥንድ ነው። ቀለሙ፣ ቁመቱ፣ የሶሉ ዓይነት ተጽፎ ከሆነ ከዚያ ዝንፍ አትበሉ። ሬንጀር ልብስ ከገበያ አትግዙ፤ የደንብ ልብስ የሚቀበሉት ከተቋሙ ብቻ ነው። ተለዋጭ ጥንድ ለምን ካላችሁ፣ በላብም ሆነ በዝናብ የራሰ ወፍራም ቆዳ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ሁለት ጥንድ ያለው ሰልጣኝ አንዱን ሲያደርግ ሌላው ይደርቃል። አንድ ብቻ ያለው በየማለዳው እግሩን እርጥብ ቆዳ ውስጥ ይከታል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ስፌቱን ያበሰብሳል፣ የጣቶቹንም መሃል ይልጣል።

ገበያው ላይ ያለው በጥቅሉ አራት ዓይነት ነው።

አንደኛው ከውጭ የሚገባው ቀላልና አብረቅራቂ ከስክስ ነው። ከሩቅ ቆዳ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፣ ሶሉም በማስቲሽ ብቻ ተይዟል። ጣት የሚታጠፍበትን መስመር ተመልከቱ። በእያንዳንዱ እርምጃ ያ መስመር ይታጠፋል፤ ፕላስቲኩ እንደ ቆዳ ስለማይላመድ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ደግሞ ቢሰፉትም ቢለጥፉትም አይጠገንም፤ መርፌው የበለጠ ይቀደዋል እንጂ። አትግዙት።

ሁለተኛው ሰልባጅ ነው፤ የውጭ አገር ወታደር አድርጎት የተወው የቆዳ ከስክስ። ቆዳው ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚታለልበት። የውስጥ ሶሉ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ ሰርጉዷል፤ ይሄ አዲስ የውስጥ ሶል በማስገባት በከፊል ይቃናል። የማይቃናው የውጭ ሶሉ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ እንደሆነ ነው። ይህ ስፖንጅ መሰል ቁስ ባይረገጥም እንኳ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ይበሰብሳል። ዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ ሶል መደርደሪያ ላይ ደህና መስሎ ይቀመጥና በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። መለያው ቀላል ነው፦ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር አጥብቃችሁ ጫኑ። ጤነኛው ወዲያው ይመለሳል። የበሰበሰው የጥፍሩን ምልክት ይዞ ይቀራል፣ ወይም ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ወይም ዱቄት ይተዋል። አዲስ ነው ተብሎ በካርቶን የተቀመጠውንም እንዲሁ ፈትሹት፤ የተሠራበት ዓመት ሶሉ ሥር ወይም ምላሱ ላይ ታትሞ ከተገኘ እሱን አንብቡ።

ሦስተኛው ላዩ እውነተኛ ቆዳ ሆኖ ሶሉ ፋብሪካ ውስጥ በቀጥታ ቆዳው ላይ የፈሰሰ ነው። በቆዳውና በሶሉ መካከል ስፌት ስለሌለው ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ለጭቃና ለዝናብ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ሲያልቅ ነው። ጥርሱ ከተበላ ፈትቶ መቀየር አይቻልም፤ አዳሹ ሶሉን ቆርጦ ያስተካክልና ሌላ ይለጥፍበታል፣ የተለጠፈው ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይይዝም።

አራተኛው የአገር ውስጥ ጫማ ሠሪ በፎርማ ላይ ወጥሮ የሚሠራው፣ ሶሉ ዙሪያውን በሰም በተለበጠ ክር የተሰፋው የበሬ ቆዳ ከስክስ ነው። ሲገዛ ከባድና ደረቅ ይመስላል። ከተላመደ በኋላ ግን የእግሩን ቅርጽ ይይዛል፣ ሶሉም ሁለቴ ሦስቴ ይቀየራል። የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ልዩነት የምናደርገው መድረሻውን አይተን ነው፦ በ1927 ዓ.ም. የመኮንኖች ትምህርት ቤት የተከፈተበት ሆለታ ደጋ ነው፣ ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ወደዚያ መሰሉ አገር ለሚሄድ ሦስተኛውም ያስኬዳል። ድሬዳዋ አጠገብ እንዳለው ሁርሶ ወዳለ ቆላና ድንጋያማ መሬት ለሚሄድ ግን የተሰፋውን፣ ውስጡም ወፍራም ገበር የሌለውን ያዙለት። ወፍራም ገበርና ስፖንጅ ቆላ ላይ ላብ አጠራቅሞ እግር ይቀቅላል።

ስለ ቆዳው አንድ ነገር። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ገዢው «የአገር ቆዳ ነው» ሲባል ወዲያው ያምናል። ቆዳ ሁሉ ግን ለከስክስ ፊት አይሆንም። የበግ ቆዳ ስስና ለስላሳ ነው፣ የሚያምረው ጓንትና ጃኬት ላይ ነው። የፍየል ቆዳ ለገበር ግሩም ነው። ፊቱ ግን የበሬ ቆዳ፣ ውፍረቱም ከ1.8 እስከ 2.2 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ለማየት የምላሱን ጫፍ ገልብጡና ቆዳው የተቆረጠበትን ጠርዝ ተመልከቱ። እውነተኛው ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፣ ጭረቱ እንደ ተፈተለ ጥጥ ይታያል። ሰው ሠራሹ ግን በግልጽ ሁለት ንጣፍ ነው፦ ላዩ ስስ ፕላስቲክ፣ ሥሩ ጨርቅ።

ከዚያ የውስጥ ሶሉን አውጡና ከሥሩ ያለውን ንኩ። ሻጩ ቅር ቢለውም አውጡት። ሥሩ ካርቶን ከሆነ ላብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሦስተኛው ወር ተፍረክርኮ የሚስማሩን ጫፍ ለእግር ያጋልጣል። ሥሩ ቆዳ ወይም የተጨመቀ የቆዳ ፋይበር ሲሆን ጥሩ ነው። ቀጥሎ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ውስጡ ደጋፊ ብረት የለውም፤ ሸክም ተሸክሞ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ሰው የእግሩ ቅስት ይታመምበታል። ስፌቱን ቁጠሩ፦ በ1 ሳንቲሜትር ውስጥ 3 ወይም 4 ጊዜ ሲሆን ትክክል ነው። 6 እና 7 ሲሆን ለዓይን ያምራል፣ ግን ቀዳዳው ስለበዛ ቆዳው በስፌቱ መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከፍ ብሎ መሰፋት አለበት፤ ልቅ የሆነ ምላስ አሸዋና ውሃ ያስገባል፣ እየተንሸራተተም ቁርጭምጭሚት ይልጣል።

የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። ልጁ ሊያደርገው ያሰበውን ካልሲ አድርጎ፣ ሁለቱንም እግር፣ ቆሞ ይለካ። ክሩን ሳያስር እግሩን ወደ ፊት ገፍቶ ጣቶቹ ጫፍ ሲነኩ ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። አስሮ ሲራመድ ተረከዙ በትንሹ ቢነሳ ችግር የለም፤ ከግማሽ ሳንቲሜትር በላይ ከተነሳ ግን ሰፍቷል። «ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ካልሲ ይደረብበታል» የሚለው ምክር ብዙ ተረከዝ አቁስሏል፤ ውሃ የሚያስቋጥረው ጥበት ብቻ ሳይሆን የእግሩ መንሸራተትም ነው።

ከመግቢያው ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት በፊት ግዙ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛውን ለገበያና ለመንገድ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ 5 ኪሎሜትር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት በጀርባ 10 ኪሎ ጭኖ 10 ኪሎሜትር። ደሴ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ መውጣት ተረከዙን ይፈትነዋል፤ ከዶሮ መዝለያ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል መውረድ ደግሞ ጣቶቹን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ቁልቁለቱ የምር ነው። በቁልቁለቱ አውራ ጣት ጫፉን ከመታ ጫማው አጥሯል፣ ወይም ክሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ላልቷል። መጀመሪያ ክሩን አስተካክሉ፦ ጫማው ወደ እግር መውጫው በሚታጠፍበት ቦታ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምዝዛችሁ ሳቡትና ከዚያ ወደ ላይ ቀጥሉ። ያ ጥምዝ የታችኛውን ጥብቀት ከላይኛው ይለያል፤ እግሩ ወደ ፊት አይንሸራተትም። ይህም ካልፈታው ጫማው ይመለስ። አዲስ ጫማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አድርጎ ማድረቅ የሚባለውን አታድርጉ፤ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ የቆዳውንም ቅባት አጥቦ ይወስዳል።

ስልጠናው ሲጀመር ቀዳሚው የእግር ሰልፍ ነው። ተረከዝ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ጠጠር ይመታል፤ በዚህ ወቅት ቀድሞ የሚላላው ታኮው ነው። ታኮው የሚበላው ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል ነው፣ መበላቱ እስከ ሥረኛው ንጣፍ ሳይደርስ ታኮውን ብቻ ማስቀየር ሶሉን ያድናል። ቀጥሎ የሚመጣው ጉዞና የሜዳ ልምምድ ነው። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ያደክማል፣ ስለዚህ ጥንዱ ከ2 ኪሎ የሚበልጥ ጫማ ጥንካሬ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ካልሲ ከንጹህ ጥጥ ይሻላል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ቆዳ ይሞርዳል። ስስና ወፍራም ደርቦ ማድረግ ፍትጊያው ቆዳ ላይ ሳይሆን በካልሲዎቹ መካከል እንዲሆን ያደርጋል። ጥፍር በቀጥታ ይቆረጥ፣ ጎንና ጎኑ አይጎድጉድ። ተረከዝ መሞቅ እንደ ጀመረ፣ ውሃ ሳይቋጥር ፕላስተር ይለጠፍበት። ከቋጠረ በኋላ ቆዳው አይገፈፍ፤ የተሸፈነ ቁስል ቶሎ ይድናል።

ስለ ማድረቅ ስንት ጊዜ ቢነገር አይበዛም። እርጥብ ከስክስ እሳት ዳር፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አይቀመጥም። እርጥብ ቆዳ ሲግል ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቅባት አይመልሰውም፤ ማስቲሹም በሙቀት ይለሰልሳል። ትክክለኛው፦ የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ክሩን አላሉ፣ ጋዜጣ ጨምቃችሁ ጠቅጥቁበት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የራሰውን አውጥታችሁ ደረቅ ቀይሩ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት በጎኑ አስተኙት።

ቀለም መቀባቱ ደግሞ የእጩ መኮንን የየዕለት ሥራ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው። አቧራው በደረቅ ብሩሽ፣ በተለይ ከስፌቱ ውስጥ፣ ይውጣ፤ አሸዋ ስፌት ውስጥ ከቀረ ክሩን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። በቆርቆሮ የሚሸጠው ሰምነት ያለው ቀለም በጣም ስስ ሆኖ ይቀባ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በብሩሽ ይፈተግ። አፍንጫውና ተረከዙ ብቻ እንደ መስታወት እንዲያበራ ከተፈለገ፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሁለት ጣት ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ጥቂት ቀለም አስነኩት፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩበትና በትናንሽ ክብ እያዞራችሁ አሹ። ጭጋግ የመሰለው ሲጠፋ ሌላ ስስ ሽፋን፣ እንደገና አንድ ጠብታ። አምስት ስድስት ሽፋን ይበቃል። ብዙ ሰልጣኝ የሚሳሳተው በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ በመቀባት ነው፤ ወፍራም ሰም አያበራም፣ ይጨማለቃል። ሁለተኛው ስህተት ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ እንደ አፍንጫው በሰም መሙላት ነው፤ በመጀመሪያው እርምጃ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም አቧራ ይይዛል። እዚያ ላይ ስስ ቀለምና ብሩሽ ብቻ። በስፖንጅ የሚቀባውን ፈሳሽ ማብረቅረቂያ ለከስክስ አትጠቀሙ፤ ላዩ ላይ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ይላጣል። ሊስትሮ ጋ ስታስጠርጉም በቤንዚን የቀጠነ ቀለም እንዳይቀባ ንገሩ፤ ቤንዚን የቆዳውን ቅባት ይመጠዋል፣ ቆዳውም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል።

ሶል ማስቀየር የሚቻለው በእረፍት ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ የአገልግሎቱ ጥራት ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። የሶሉ ጥርስ ከ2 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ ይቀየራል። ጥሩ አዳሽ አሮጌውን ነቅሎ የቀረውን ማስቲሽ በሞረድ እስኪሻክር ያጸዳል፣ በሁለቱም ገጽ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ሲነኩት ጣት የማይዝ እስኪሆን ይጠብቃል፣ በሙቀት አነቃቅቶ ያጣብቀዋል፣ በመዶሻ ከመሃል ወደ ዳር ይመታዋል። ከዚያ ሶሉ ጠርዝ ላይ ክሩ የሚተኛበት ቦይ አውጥቶ በሰም ክር ዙሪያውን ይሰፋል። ቦይ ያልወጣለት ክር መሬት እየነካ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የሚጠበቀው ጊዜ እንደ አየሩ ይለያል፦ ኮምቦልቻ ላይ በሞቃት ከሰዓት 15 ደቂቃ የሚበቃው ማስቲሽ፣ ደሴ ላይ በሐምሌ ጭጋግ ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ደሴ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም ስለሚዘንብባት ይህ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ነው። ሳይደርቅ የተጣበቀ ሶል ከአፍንጫው በኩል አፉን ይከፍታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ጫማውን ለነገ ብላችሁ ትታችሁ ሂዱ፣ እቆማለሁ አትበሉ። ቸኩሎ ስፌቱን በሚስማር የሚተካ ካጋጠማችሁ ጫማችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሚስማሩ ታኮ ላይ ቦታ አለው፤ የእግር ፊት ላይ ግን ሶሉ እየታጠፈ ሚስማሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስትረከቡም እጃችሁን እስከ አፍንጫው አስገብታችሁ ዳስሱ።

ለምረቃው ሰልፍ አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ሰዓታት ቆሞ የሚዋልበት ቀን ነው፤ ያልተላመደ ጫማ ለዚያ ቀን አይደረግም። ከሁለት ሳምንት በፊት የተሻለውን ጥንድ መርጣችሁ ታኮውን አስቀይሩ፣ የተከማቸውን አሮጌ ሰም በረጠበ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና አንሱ፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ የቆዳ ቅባት በስሱ አጠጡትና አንድ ሌሊት ይደር፤ ከዚያ ነው ስሱን ቀለም እንደ አዲስ የሚጀምሩት። ክሩም አዲስ ይሁን፤ አሮጌ ክር የሚበጠሰው ሲስቡት ነው፣ እሱም ሰልፉ ሊጠራ ሲል ነው።